ደንበኛህንና ወዳጅህን ለይ

ለውድ ልጄ፣

ባንኩ ሐዋሳ እንደመደበህ ከሰማሁ ወዲህ ስለ ቤት ኪራዩም፣ ስለ ምግቡም፣ ስለ ወባውም ልመክርህ አስቤ ነበር፤ ብዕር ሳነሳ ግን የሚመጣብኝ አንድ ነገር ብቻ ሆነ። የባንክ ሥራ፣ ይልቁንም ያንተ ክፍል፣ በሰው የሚሠራ ሥራ ነው። ተቀማጭ አምጡ፣ አዲስ ሒሳብ አስከፍቱ ትባላላችሁ፤ በየወሩ የምትሞሉት ልክ ይሰጣችኋል። ለዚህም ሰው መቅረብን፣ ስም መያዝን፣ ተከታትሎ መደወልን ያስተምሯችኋል። ትምህርቱ መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። እኔን የሚያሳስበኝ ማን ማንን እንደሚያገለግል ነው። ወዳጆችህን ለሥራህ ትገብራቸዋለህ? ወይስ ሥራህ ያስተማረህን ይዘህ ወደ ወዳጆችህ ትመለሳለህ?

ሰው ማወቅ አይጠቅምም አልልህም፤ ይጠቅማል፤ ማስረጃም አለው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከቦስተን አጠገብ ባለችው በኒውተን በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ‘ያን ሰው በዚያን ጊዜ ምን ያህል ታገኙት ነበር?’ ብሎ ጠይቋል። አዘውትረን እናገኘው ነበር ያሉት ከመቶ 17 አይሞሉም። ከመቶ 56 ያህሉ አልፎ አልፎ፣ 28 ያህሉ ደግሞ ከስንት አንዴ ነበር ያሉት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አጠገብህ ያለው ሰው የሚሰማው አንተ የሰማኸውን ነው፤ ራቅ ያለው ግን አንተ ከማትደርስበት መሥሪያ ቤትና ሰፈር ወሬ ያመጣልሃል። ‘ሰው ሀብት ነው፤ ብዙ ሰብስብ’ እያለ የሚሰብክህ ጓደኛ ቢኖር ይህን ይዞ ሊሆን ይችላል። ግን ጽሑፉን እስከ ታች ማንበብ ነበረበት። ወሬውን ካመጡት መካከል ብዙዎቹ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞችና የቀድሞ ባልደረቦች ነበሩ፤ ግንኙነቱ ላልቷል እንጂ አልተበጠሰም። ሲላላ የቆየውንም መልሶ ያጠበቀው ብዙውን ጊዜ የመንገድ ላይ አጋጣሚ ወይም የጋራ ወዳጅ ነው። ከዚህ እኔ የምረዳው፣ ጥቅሙ የሚመጣው ሰውን ለጥቅም ላደነ ሳይሆን ሰውን ላልተወ መሆኑን ነው።

ደግሞም ሥራ ማግኘት ከጥቅሞቹ ትንሹ ነው። ጁልያን ሆልት-ለንስታድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010፣ 148 ጥናቶችን፣ በውስጣቸውም ከ300 ሺህ በላይ ሰዎችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ከሰው ጋር የጠነከረ ግንኙነት ያላቸው ጥናቱ በተካሄደበት ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ግንኙነታቸው ከላላባቸው በ50 ከመቶ በልጦ ተገኘ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ትውልድ እየተከተለ በሚያካሂደው ጥናትም መልካም ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በእርጅናቸው ጤናማና ደስተኛ ሆነው ታይተዋል። አያቶችህ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲሉ ቁጥር አልያዙም ነበር፤ ቁጥሩ ግን አልከዳቸውም። ልብ በል ልጄ፣ በነዚህ ጥናቶች ዕድሜ ያረዘመው የሚያስብልህ ሰው እንጂ የደንበኞች ዝርዝር አይደለም። ደግ ደጉን ሰው ይግጠምህ።

‘እማዬ፣ ስም መዝግቦ፣ ቀን አስቦ መደወል ማስመሰል አይሆንም ወይ? ፍቅር ከሆነ በራሱ ይመጣል’ እንደምትለኝ አውቃለሁ። አይመጣም። ፍቅር በራሱ ቢመጣ ኖሮ አባቶቻችን ዕድርን በደንብ ባላሰሩት። ዕድር መዝገብ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ወርኃዊ መዋጮ አለው፤ ከቀብር የቀረውን ይቀጣል። ማኅበሩም በየወሩ በታቦቱ ቀን ተራ ይዞ ጽዋውን ያዞራል፤ የደረሰው ‘ዘንድሮ አልመቸኝም’ ብሎ አይዘልም። ታዲያ መዝገብና ቅጣት ስላለው ዕድር ሐሰት ነው የሚል ማን ነው? ሰዎቹ የሰውን ልብ ያውቁ ስለነበር ነው፤ ሐዘንተኛን ለማጽናናት ሁሉም ይፈልጋል፤ ግን ይረሳል፣ ይደክማል፣ ሌላው ይሄድለታል ብሎ ያስባል። ሥርዓቱ የቆመው ፍላጎቱን ከዝንጋታ ለመጠበቅ ነው። ‘እኛም ብድር እንቆጥር የለም ወይ?’ ብትለኝ ደግሞ፣ እውነት ነው፣ እንቆጥራለን። ነገር ግን ዕድር የሚደርሰው ብዙ ላዋጣው ሳይሆን መከራ ለደረሰበት ነው። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። አንተም ስም ስትመዘግብ ‘ምን ያመጣልኛል’ ሳይሆን ‘ምን ደርሶበታል’ ብለህ መዝግብ።

እንግዲህ ቢሮ ያስተማሩህን አራት ነገር ወደ ቤትህ ውሰደው። ስም መያዝን፤ የአከራይህን ልጆች፣ የጥበቃውን፣ ቡና የምታፈላልህን ልጅ በስማቸው ጥራ። ተከታትሎ መጠየቅን፤ ‘እናቴ ታማለች’ ያለህን ባልደረባ በሳምንቱ ‘እንዴት ሆኑ?’ በለው። ማገናኘትን፤ ሥራ ፈላጊውን ከሚያውቅ ሰው፣ ብቸኛውን ከጨዋታ አዋቂው ጋር አስተዋውቅ፤ አንተ ምንም ባታገኝም። ደፍሮ መጠየቅንም፤ ስትታመም ጎረቤትህን ሾርባ ጠይቅ፤ ሰው የረዳውን ይወዳልና። ሐዋሳ የሲዳማ አገር ናት፤ ሰላምታውን በሲዳምኛ ተማር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ዘመን መለወጫቸው ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ ጎረቤቶችህን ቀድመህ እንኳን አደረሳችሁ በላቸው። ሌላውን እዚያው ስትደርስ ታውቀዋለህ፤ ሞገሱን ይስጥህ ብቻ።

‘ጊዜ ከየት አመጣለሁ?’ ትለኝ ይሆናል። ጊዜ እንደማይበቃማ ምሁራኑም ይላሉ። እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር ሰው በእውነት ሊይዘው የሚችለው ግንኙነት 150 ገደማ ነው ይላል። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል ደግሞ የቅርብ ወዳጅ ለመሆን አብሮ ያለፈ ከ200 ሰዓት በላይ እንደሚጠይቅ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት አሳይቷል። ይህ ግን ለእኔ ክርክር ድጋፍ ነው። ቦታው ውሱን ከሆነ በወሩ ልክ እየገባ የሚወጣ ሰው ሊሞላው አይገባም። ሁለት መቶ ሰዓት የሰጠኸውን ወዳጅ ለአንድ ሒሳብ መክፈቻ አትሽጠው፤ እንደገና ለመግዛት ዕድሜ ያጥራል። የእኛ ትውልድ በዚህ ብዙ ከስሯል። ስንቱ ወዳጅነት በጠብ ሳይሆን ‘ነገ እጽፍለታለሁ’ እየተባለ ቀረ! አንዱ ወደ አሥመራ፣ አንዱ ወደ ሱዳን፣ አንዱ ወደ አሜሪካ በተበተነበት ዘመን ደብዳቤ ወር ይፈጅ ነበር፤ ምክንያት ነበረን። እናንተ ግን ስልኩ በእጃችሁ ነው። አምላክ የሚጠይቅህ አያሳጣህ፤ የምትጠይቀውም አያሳጣህ።

የመጨረሻው ክርክርህ ይገባኛል፤ ‘የወሩ ልክ ባይሞላ አለቃዬ ምን ይለኛል?’ ነው። የሰው እንጀራ ላይ አልቀልድም። ወዳጅህን መጠየቅ ካለብህ አንድ ጊዜ፣ በግልጽ፣ ‘ሥራዬ ነው፤ ካልፈለግህ አይከፋኝም’ ብለህ ጠይቀው፤ እንቢ ካለህም በማግሥቱ እንደ ወትሮህ ደውልለት። ለቅሶ ቤት ቅጽ ይዘህ አትግባ። ሠርግ ላይ የሙሽራውን ሽልማት አይተህ ሒሳብ ይከፍትልኛል አትበል። ዓመት ሙሉ ዝም ያልከውን ሰው ለተቀማጭ ብለህ አትቀስቅሰው። ይህን ብቻ ጠብቅልኝ፤ ሌላውን ምክሬን ሁሉ ብትረሳው አልቀየምህም። የወሩ ልክ ጎድሎብህ ሰው ሞልቶልህ ብትመጣ ቤቱ ያንተው ነው፤ ገንዘቡ ሞልቶ ሰው ቢጎድልብህ ግን እኔ ምን አድርጌ እሞላልሃለሁ?

አደራህን፣ በልተህ እደር። አባትህ እግሩ እየተሻለው ነው፤ እህትህም ሰላም ብላሃለች። እግዚአብሔር መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ፣ የሰው ፊት አያሳይህ፣ ከሚያይህ ሁሉ ያስወድድህ። እደግ፣ ተመንደግ፣ ወግ ማዕረግህን ያሳየኝ።

የምትናፍቅህ እናትህ