ስለ ባድመ የተጠየቅሁት ጥያቄ

ያገራችን ሰው በርስቱ ነገር ታጋሽ አይደለም። ከጎረቤቱ ጋራ በአንድ ክንድ መሬት ቢጣላ ከዳኛ ወደ ዳኛ ሲመላለስ ዕድሜውን ይጨርሳል። አባቶቻችንም ለዚህ ቍጣ ልጓም ሲያበጁለት «ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» አሉ፤ ይኸውም ትንሹን በግፍ ከመነጠቅ ትልቁን በዳኛ ፊት ተረትቶ ማጣት ይሻላል ማለት ነው። ይህን ምሳሌ እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዐውቀዋለሁ፤ ለመፈጸሙ ግን እንዴት እንደ ከበደኝ ዛሬ ለአንባቢዎች ልናዘዝ እወዳለሁ።

የምኖርበት ሰፈር መካኒሳ ነው፤ ዛሬ ነፋስ ስልክ ላፍቶ በሚባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛል። ታላቅ እኅቴም ከእኔ ጋራ አጥር ለአጥር ትኖራለች። ግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ ሠራዊት ባድመን በያዘ ጊዜ አንድ ልጇ ገና የሃያ ዓመት ጐልማሳ ነበረ። በዚያ ሰሞን ባድመ የማን እንደ ሆነች የማይከራከር ሰው በሰፈራችን አልነበረም። እኔም ከሁሉ አብልጬ እጮኽ ነበር፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፥ ያን ጊዜ ካርታ ቢዘረጉልኝ ጣቴን ላሳርፍባት አልችልም ነበር። ልጁም ቃሌን ሲሰማ ሰንብቶ ዘመተ። ባድመ በተመለሰችበት በየካቲት 1991 ዓ.ም. በዚያው ወደቀ። መርዶው ዘግይቶ ደረሰን፤ አብሮት የዘመተ ባልንጀራውም የቀበረበትን ቦታ በምልክት ነገረን።

የክርክሩ ሥር እንዲህ ነው። ከ1888ቱ የዐድዋ ድል በኋላ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋራ ስለ ኤርትራ ወሰን በ1892፥ በ1894ና በ1900 ዓ.ም. ውል ተዋዋሉ። እንግሊዝም በገባችበት በ1894ቱ ውል፥ ሰቲት ከሚባለው ከተከዜ ወንዝ እስከ መረብ የሚደርሰው ወሰን የኩናማን ሕዝብ ወደ ኤርትራ ወገን እንዲያደርግ ተጻፈ። ነገር ግን በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለው ሜዳ በችካል አልተለየም። ስለዚህ አንዱ ወገን በውሉ ቃል፥ ሌላው ባስተዳደረበት ዘመን ይከራከር ነበር። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው ካለቀ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት በአልጀርስ ተገናኝተው የወሰን ኮሚሽን የሚሰጠውን ፍርድ የመጨረሻና አስገዳጅ አድርገው ሊቀበሉ ፈረሙ።

ፍርዱም ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. በሄግ ከተማ ተሰጠ። ባድመ ለእኛ እንደ ተፈረደች በራዲዮ ሰማንና ደስ አለን። እኅቴ ጥቁር ልብሷን ገና አላወለቀችም ነበርና እንደ ለበሰች ወደ ቤቴ መጥታ «ወንድሜ፥ ልጄ የወደቀበት መሬት የማን ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «የእኛ ሆነ፥ እታለም፤ ደሙ ከንቱ አልቀረም» አልኋት።

ሚያዝያ 12 ቀን በሚካኤል ማኅበራችን ይኸው ነገር ተነሣ። አንድ ጡረተኛ ሻምበል «ደም የፈሰሰበት መሬት ሌላ ማስረጃ አይሻም» አሉ። ከማኅበርተኞቹ አንዱ የሕግ ዐዋቂ ነበርና «ሻምበል፥ እርስዎ እንደሚያውቁት በወዲያም በኩል ደም ፈስሷል፤ ደም ምስክር ከሆነ ለሁለቱም ይመሰክራል። እኔ ፍርዱን አንብቤዋለሁ፤ ባድመ በየትኛው ወገን እንደ ዋለች ለይቶ አልጻፈም፤ መሥመሩ ግን ያሠጋኛል» አለ። ተቈጥተን ዝም አሰኘነው። በ1995 ዓ.ም. ግን ኮሚሽኑ ራሱ ባድመ በኤርትራ ወገን መሆኗን ገለጸ።

በሌላ በኩል ደግሞ በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. የካሣው ኮሚሽን፥ ኤርትራ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ባድመን በጦር ኀይል መያዟ የመንግሥታትን ሕግ የጣሰ ነው ብሎ ፈረደ። እንግዲህ በጦር መውሰዱ በደል እንደ ሆነ ተፈረደልን፤ በመሬቱ ግን ተፈረደብን። ሁለቱ ፍርዶች አይጣሉም፤ ሰው የገዛ ከብቱን እንኳ ቢሆን በሌሊት የጎረቤቱን አጥር ጥሶ ሊወስድ አይገባውምና። የእኛ አፍ ግን የተፈረደልንን እየተናገረ የተፈረደብንን ይውጥ ነበር።

እኔም ዋጥሁት። እኅቴ ከጎረቤት ወሬ ሰምታ በጠየቀችኝ ቍጥር «ገና አላለቀም» እያልሁ አሥራ አምስት ዓመት ሸነገልኋት። በ2000 ዓ.ም. ኮሚሽኑ በመሬት ላይ ችካል ሳይተከል ወሰኑን በካርታ ነጥብ አመልክቶ ሥራውን ሲፈጽም እንኳ አልነገርኋትም። ልቧ እንዳይሰበር ብዬ ነው እያልሁ ራሴን አጸድቅ ነበር። ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ፍርዱን ሙሉ በሙሉ እንደሚቀበል ባስታወቀ ጊዜ ግን መሸሸጊያ አጣሁ። ከቤቷ ገብቼ ከመደቡ ላይ ተቀመጥሁና «እታለም፥ መሬቱ ለኤርትራ ተፈርዷል፤ ከ1995 ጀምሮ ዐውቅ ነበር» አልኋት።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እርሷ ግን ጥቂት ዝም ብላ ቈየችና «እኔ መሬቱን የምሻ መሰለህን? የማን ሆነ ብዬ የጠየቅሁህ ስለ ዐፅሙ ነው። የእኛ ነው ብትለኝ በአገሩ ተኝቷል ብዬ ተውሁት። የሰው አገር መሆኑን ብትነግረኝ ጕልበቴ ሳይደክም መንገዱም ሳይዘጋ ሄጄ አፍልሼ ከአባቱ አጠገብ ባሳረፍሁት ነበር» አለችኝ።

ያን ጊዜ ባድመ ገና በእኛ ሠራዊት እጅ ነበረችና እኔው ልሄድላት ቃል ገባሁ። ነገር ግን ዛሬ ነገ ስል ሁለት ዓመት አለፈ። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ በዚያም ጦርነት ባድመ በኤርትራ ሠራዊት እጅ ገባች። ዐፅሙም በዚያው ቀረ።

ርስትን መውደድ አይነቀፍም። ዛሬም በሰፈራችን ወጣቶች ተሰብስበው ስለ ዐሰብ ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ ዝም በሉ አልላቸውም። ስፍራው በካርታ ላይ የት እንደ ሆነ፥ ውሉም ምን እንደሚል ብቻ እጠይቃቸዋለሁ፤ እኔ በጊዜው የጠየቀኝ አልነበረምና። ባድመ በቅሎዬ ነበረች፤ በፍርድ ሄደች። ከእኅቴ እጅ ግን ጭብጦዋን ያለ ፍርድ የወሰድሁባት እኔ ነኝ።