ድግግሞሽ በዓይን የታየበት ገበያ

ፍሪድሪሽሃፈን የዜፔሊን ከተማ ናት። ከቦደን ሐይቅ ማዶ የስዊዘርላንድ ተራሮች ስለሚታዩ መንገደኛው ሁሉ ወደ ውሃው ዳር ይወርዳል። እኔን የሳበኝ ግን በየዓመቱ ሰኔ ላይ የአማተር ራዲዮ ወዳጆች ከመላው አውሮፓ የሚሰበሰቡበት ትርኢት ነው። አዲስ ዕቃ የተደረደረባቸውን አዳራሾች ቶሎ አለፍኳቸው። ያገለገለ መሣሪያ ከሚቸበቸብበት ስደርስ እግሬ አልሄድ አለ።

አንድ ሽበታም ነጋዴ የ1970ዎቹን ኤችፒ 8620ሲ ሲግናል ማመንጫ ከኦሲሎስኮፕ ጋር አያይዘው አብርተውታል። አጠገቡ አንድ የተከፈተ ኦሲሌተር አለ። አጉሊ መነጽር ሰጡኝና ጎንበስ አልኩ። በኤሌክትሮማግኔቱ ሁለት ጫፎች መካከል ከይትሪየም፣ ከብረትና ከኦክስጅን የተሠራች፣ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ ድቡልቡል ጠጠር ተቀምጣለች። ድግግሞሹን የምትወስነው እሷ ናት! የማግኔቱ ኃይል በ1 ጋውስ በጨመረ ቁጥር ድግግሞሹ በ2.8 ሜጋኸርዝ ገደማ ከፍ ይላል። 700 ጋውስ ላይ 2 ጊጋኸርዝ፣ 2,100 ላይ 6 ጊጋኸርዝ ገደማ ይሆናል። ጭማሪው እንዲህ እኩል በእኩል መሄዱ እስካሁን ይደንቀኛል፤ ተፈጥሮ ለመሐንዲስ እንዲህ የምትመቸው ስንት ጊዜ ነው?

ድግግሞሽን ከዳር እስከ ዳር መቃኘት የሚቻለውም በዚህ ነው። በማግኔቱ ጥቅል የሚያልፈው ኮረንቲ ቀስ እያለ ያድግና ድንገት ወደ መነሻው ይወርዳል፤ የሞገዱ ድግግሞሽም አብሮት ይወጣል፣ ይወርዳል። ኮረንቲውን የሚመራው ቮልቴጅ ራሱ የኦሲሎስኮፑን ነጥብ ከግራ ወደ ቀኝ ይነዳዋል። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ ወደ ቀኝ መሄድ ማለት ወደ ከፍተኛ ድግግሞሽ መሄድ ነው። ነጋዴው በማመንጫውና በኦሲሎስኮፑ መሃል የ5.7 ጊጋኸርዝ ማጣሪያ አስገቡ። ያለፈውን ኃይል አንድ ዳዮድ እየለካ ነጥቡን ወደ ላይ ሲያነሳው፣ ጉብታ ተሳለ።

«የማጣሪያውን ብሎን ያዙሩት» አሉኝ።

በመፍቻ ነካ ሳደርገው ጉብታው ወደ ግራ ተንሸራተተ። ራዲዮ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀመር ተምሮታል፤ በጣት ማንቀሳቀስ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀጥለው የቅኝቱን ፍጥነት ጨመሩት። ጉብታው ዝቅ ብሎ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ማጣሪያው ኃይል ለማጠራቀምም ለመልቀቅም ጊዜ ይፈልጋል፤ ተጣድፎ የሚያልፍ ሞገድ አይጠብቀውም።

ቀጣዩ ጠረጴዛ ላይ ናኖቪኤንኤ የተባለ ኪስ የሚገባ መለኪያ ይሸጣል። እሱ ሞገዱን በቁጥር ነው የሚያመነጨው፤ ከኳርትዝ ክሪስታል ተነስቶ በ101 ነጥቦች እየዘለለ ይለካል። ትክክለኛ ነው፣ ርካሽ ነው፤ ለተማሪ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ሰፊ ክልል ሲቃኝ ግን በሁለት ነጥቦች መካከል የተሸሸገ ጠባብ ጉብታ ያመልጠዋል። አሮጌው ሳይዘል ስለሚያልፍ ልቤ ወደ እሱ አደላ።

8620ሲን ተሸክሞ አውሮፕላን መሳፈር አይታሰብም። ማጣሪያውን ገዛሁ።