የዓርብ ጎሎች

ደብተሩ አሁንም አለኝ። ባለ 50 ሉክ ነው፤ ሽፋኑ በዝናብ ተበላሽቶ ጥጉ ተጠቅልሏል። በየገጹ አምስት ዓምድ በማስመሪያ አስምሬበታለሁ፦ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ ውጤት፣ ጎሉ የገባበት ደቂቃ፣ ጥፋተኛ። አዎ፣ "ጥፋተኛ" የሚል ዓምድ ነበረኝ። የተከላካዮች ስም አለበት፣ የበረኛው ስም አለበት፣ የአንድ የክንፍ ተጫዋች ስም ደግሞ ሦስት ጊዜ ተጽፎ አንዱ በቀይ ተሰምሮበታል። የኔ ስም አንድ ጊዜም የለም።

ዘመኑ 2005 ዓ.ም. ነው። በስማዳ ወረዳ የስፖርት መምህር ነበርኩ። ያስተማርኩበትን ትምህርት ቤት ስም አልጠራም፤ የምናገረው ስለ ራሴ ጥፋት ነውና። እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፣ ከተሜ። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በስፖርት ሳይንስ ተመርቄ የወረዳው ከተማ ወገዳ ስደርስ አገሩን የማውቀው በካርታ ብቻ ነበር። ስማዳ ከላይ ደጋ ነው፤ ወደ ታች እየወረዱ ሲሄዱ በአንድ በኩል በሽሎ፣ በሌላ በኩል ዓባይ ይቀበላል፣ ከበሽሎ ማዶ ወሎ፣ ከዓባይ ማዶ ጎጃም ነው። ተማሪው ከዚያ ሁሉ ቆላና ደጋ ወጥቶ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይቶ ይማራል። ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ይሄዳል፤ እሁድ ማታ የሳምንት ስንቁን በማዳበሪያ ተሸክሞ ይመለሳል። ይህን ሁሉ አውቀው ነበር። ማወቅ ከተባለ።

ያ ዓመት ለኳስ ልዩ ዓመት ነበር። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፉት ያኔ ነው። ጥር 13 ቀን ኔልስፕሩት ላይ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ፣ በ10 ሰው ከዛምቢያ 1 ለ 1 ስንወጣ የከተማው ቪዲዮ ቤት ጣሪያው የሚነሳ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ልጆቼ ሁሉ ስማቸውን ቀይረው መጡ። በረኛዬ ጀማል ሆነ። አንዱ ጌታነህ፣ አንዱ ሽመልስ። የቀኝ ክንፌ፣ ከበሽሎ በኩል ካለ ቆላ ቀበሌ የሚመጣው ቀጭን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ፣ አቻ ያደረገችንን ጎል ባገባው ተጫዋች ስም አዳነ ተባለ። እኔም እዚህ በዚያው ስም እጠራዋለሁ።

ከአጎራባች ትምህርት ቤቶች ጋር ሰባት ጨዋታ ነበረን፣ በየግማሹ 40 ደቂቃ። ጨዋታው ዓርብ ከሰዓት ይሆን ነበር፤ ቅዳሜ ሁሉም ወደ ቤቱ ስለሚሄድ ከዓርብ የተሻለ ቀን የለም ብለን መምህራኑ ተስማምተን ነው። ልጆቹን የጠየቀ አልነበረም።

የመጀመሪያውን 1 ለ 0 አሸነፍን። ጎሏ በ12ኛው ደቂቃ ገብታ፣ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ቋሚና አግዳሚ እንዲሁም አንድ የማላውቀው ቅዱስ ጠበቁልን። ሁለተኛውን ስንመራ ቆይተን በ74ኛው ደቂቃ ገባብንና 1 ለ 1። ሦስተኛው ንፋስ መውጫ ነበር። ስሟ ለጌጥ የወጣ አይደለም፤ ከ3000 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፣ በረኛዬ የመታው ኳስ አየር ላይ ቆሞ አስቦ ወደ እሱ ሲመለስ አይቻለሁ። እዚያም 1 ለ 0 እየመራን በ71ኛውና በ79ኛው ገቡብን። አራተኛው ላይ የእንግዶቹ አይሱዙ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ጨዋታው ወደ ሰኞ ተዛወረ። ያን ቀን 2 ለ 1 ስንመራ በዕረፍት ሰዓት ለልጆቼ ስለ አድዋ ነገርኳቸው። የተጋጣሚያችን ሁለተኛ ጎል ወዲያው ከዕረፍት መልስ ገባ፤ ልጆቼ ግን አልወደቁም፣ በ78ኛው ደቂቃ አግብተው 3 ለ 2 አሸነፉ። እንደ ፈረስ ሲሮጡ ነው የጨረሱት። ደብተሬ ላይ በትልቁ "ንግግሩ ሠርቷል!" ብዬ ጻፍኩ። ቃለ አጋኖው አሁን ሳየው ፊቴን ያቀላዋል።

አምስተኛው እንደገና ዓርብ። 0 ለ 1፣ በ77ኛው ደቂቃ። አድዋን ደግሜ ነግሬያቸው ነበር።

ነገሩን ሳላስበው ቀርቼ አይደለም፤ አሰልቺ እስክሆን አስቤበታለሁ። በመጀመሪያ ወኔ ነው አልኩ። ቀጥሎ ጾም ነው አልኩ፤ ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለነበር ፋሲካ ሲያልፍ ይስተካከላል ብዬ ጠበቅሁ። ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ፣ ኀምሳው ገባ፣ ዓርብም እንኳ የማይጾምበት ጊዜ መጣ፤ ልጆቹ ዓርብ በ65ኛው ደቂቃ ላይ ያው እንደ ሰም ይቀልጣሉ። እንግዲህ የቀረው ስንፍና ነው ብዬ ደመደምኩ። መድኃኒቱን ራሴ አዘዝኩ፦ ሐሙስ ሐሙስ ሜዳውን 15 ዙር መሮጥ።

ስድስተኛው ጨዋታ ዋዜማ፣ ግንቦት ውስጥ በአንድ ሐሙስ፣ አዳነ ከሩጫው ቀረ። ተቆጥቼ ማታውኑ ቤቱን አጠያይቄ ሄድኩ። የጭቃ ቤት ናት፣ መስኮት የላትም፣ መሬት ላይ ሁለት ጀንዲ የተነጠፈባት። አራት ልጆች ኩራዝ ከበው ያጠናሉ። ስገባ አራቱም ብድግ አሉ።

"ኖር!"

"በእግዜር፣ ተቀመጡ" አልኩ። ተግሣጼ ከአፌ ሊወጣ ሲል አዳነ ከጥጉ ማዳበሪያ ጎትቶ እጁን እስከ ክርኑ አስገባ፣ ትንሽ አፈላለገ፣ ቆሎ አወጣ። የገብስና የሽምብራ ነው። በሰፌድ አድርጎ ፊቴ አስቀመጠው። አንዱ ጓደኛው በጣሳ ውሃ አመጣ።

"በሞቴ መምህር፣ ይቅመሱ።"

"ለምን ቀረህ?"

"እግሬን አሞኝ ነው። ነገ እሰለፋለሁ። አፈር ስሆን፣ ይቅመሱ።"

ቀመስኩ። ጥሩ የተቆላ ነበር፣ ሽምብራው ያልጠነከረም ያልተቃጠለም። እያወራሁ፣ ስለ ዲሲፕሊን እየመከርኩ፣ ሳላስበው ሰፌዱን ባዶ አደረግሁት። እነሱ አልነኩም። ከአክብሮት መስሎኝ ነበር። ስወጣ ማዳበሪያው ታጥፎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ያን አይቻለሁ፣ ምን እንዳየሁ ግን አላወቅሁም።

በማግስቱ 2 ለ 0 መራን። አንደኛውን ያገባው እሱ ነው፣ ሁለተኛውን ያቀበለውም እሱ። በ69ኛው ደቂቃ ተጋጣሚያችን አንዱን ሲያገባ ኳሱ የመጣው በሱ መስመር ነው፤ ተጫዋቹ አልፎት ሲሄድ አዳነ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆሞ ያየዋል። ሜዳው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ "ሰነፍ! እግርህን ማን አሰረው?" ብዬ ጮህኩና ቀየርኩት። ሲወጣ አልሮጠም፣ አልተናደደም፣ ማሊያውን አውልቆ አጣጥፎ ሰጠኝ። ውሃ ጠጣ። ከዚያ ሳሩ ላይ ተጋደመ፤ እንዳኮረፈ ቆጠርኩት። የዳኛው ፊሽካ ሊነፋ ሲል አቻ ሆኑ። 2 ለ 2። በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩት ያን ዕለት ነው።

ሰባተኛውን ያለ እሱ ተጫወትን። "እግሬን አላሻለኝም" ብሎ ላከብኝ። 1 ለ 2፣ በ76ኛው ደቂቃ።

ሰኔ 9 እሁድ ነበር። ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን ገጠሙ፤ ካሸነፍን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያው የመጨረሻ ዙር ማለፋችን ነው። በርናርድ ፓርከር ለአገሩ አገባ፣ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፣ በሁለተኛው ግማሽ ያው ፓርከር ኳሷን በራሱ መረብ ላይ አሳረፋት። 2 ለ 1። ቪዲዮ ቤቱ ወደ ጎዳና ፈሰሰ። ልጆቼ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ፣ ጨፈሩ፣ እኔን በትከሻቸው ተሸከሙኝ። በረኛዬ ጀማል በላብ ተጠምቆ እየሳቀ፣

"እንኳን እሁድ ሆነ መምህር! ዓርብ ቢሆን ኖሮ ለመጮህም አቅም አይኖረን" አለኝ።

"ለምን?" አልኩት።

ሳቁ ቆመ። "ቀልዴን ነው" አለና ሕዝቡ ውስጥ ገባ።

ስማዳ ውስጥ፣ አጎራባቾቹ ጋይንትም እስቴም ያው ናቸው፣ ሰው "ራበኝ" አይልም። አገሩ ድርቅ የሚያውቅ አገር ነው፤ ስማዳና ሁለቱ ጋይንቶች ከ1997 ጀምሮ በሴፍቲኔት ከታቀፉት ወረዳዎች ናቸው። ቢሆንም፣ ወይም ስለዚህ፣ ረሃብን ለባዕድ መናገር ነውር ነው። "እግሬን አሞኝ" ይባላል።

ማታ ቤቴ ገብቼ ደብተሩን ገለጥኩ። ደቂቃዎቹን መቶ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ "ቀን" የሚለውን ዓምድ ግን ከጻፍኩት በኋላ ዞር ብዬ አላየሁትም ነበር። ስድስቱ ጨዋታ ዓርብ ነው። ዓርብ 8 ጎል ገብቶብናል፣ 7ቱ ከ65ኛው ደቂቃ በኋላ። እየሮጥን የጨረስነው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፣ እሱም ሰኞ። እሁድ ማታ ስንቅ ይገባል፣ ሰኞ ሞልቶ ይታደራል፣ ረቡዕ እንጀራው አልቆ ድርቆሹ ይጀመራል፣ ሐሙስ ቆሎ ይቀራል። ዓርብ ውሃ ነው። ቅዳሜ አራትና አምስት ሰዓት በእግር ወደ ቤት። እኔ ደግሞ ሐሙስ ላይ 15 ዙር ጨምሬበታለሁ።

ነገሩን እንግዳ የሚያደርገው አለማወቄ አይደለም። ጡንቻ ያከማቸው ስኳር ሲያልቅ ተጫዋች መሮጡን ትቶ መራመድ እንደሚጀምር ሳልቲን የሚባል ስዊድናዊ የዘርፉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 በእግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ አሳይቷል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ተፈትኜበታለሁ፤ ግራፉን ሁሉ ሥዬ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ግራፉ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊቴ ሲቆም ግን ሰነፍ አልኩት።

ከዚያ ስለ ቆሎው አሰብኩ። ስለ ባዶው ሰፌድና ስለ ታጠፈው ማዳበሪያ። የአራት ልጆች ዓርብ ነበር የበላሁት።

ሰኞ የመምህራን ማረፊያ በአንድ ወሬ ታመሰ። ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበትን ተጫዋች ከቦትስዋና ጋር አሰልፈናልና ፊፋ ጉዳዩን ይዞታል። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ፤ ኋላ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። "እንዴት ሁለት ካርድ የሚቆጥር ሰው ይጠፋል?" እያለ ሁሉም ይሳደባል። አንዱ ባልደረባዬ ዞሮ "አንተ ምን ትላለህ፣ የስፖርት ሰው?" አለኝ። ሻዬን ጠጣሁ።

በ2006 ጨዋታውን ወደ ማክሰኞ አዛወርነው። የሐሙሱን ሩጫ አስቀረሁ። ከደመወዜ ዳቦ ገዝቼ "ወረዳው የላከው የስፖርት በጀት ነው" ብዬ ዋሸሁ፤ በስሜ ብሰጥ የሚቀበል አልነበረም። ውጤታችን ይሄን ያህል አልተሻለም፣ ያው በአንድ ጎል ማሸነፍ፣ በአንድ ጎል መሸነፍ፤ አንዱን ጨዋታ እንዲያውም ገና በ3ኛው ደቂቃ በገባብን ጎል ነው የተሸነፍነው፣ በረኛዬ ፀሐይ መታኝ አለ። አዳነ ተመልሶ አልተጫወተም። ሜዳው ዳር ቆሞ ያያል፣ ሳልፍ ባርኔጣውን አውልቆ ያከብረኛል። ያ አክብሮት ከስድብ ይከብድ ነበር።

ይቅርታ ልጠይቀው የሄድኩት ግን ያኔውኑ በሰኔ ነው፣ ፈተና አልቆ ወደየአገራቸው ሊበተኑ ሲሉ። ምን እንደምለው መንገድ ላይ ደጋግሜ አጠናሁ። ዐሥር ዳቦ በፌስታል ይዣለሁ። ስገባ አራቱም ተነሡ፣ ኖር አሉ፣ በእግዜር አልኩ። ዳቦውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብሎ ሳይፈታው ጥግ አስቀመጠው። አፌን ስከፍት እሱ ቀድሞኝ ማዳበሪያውን ጎተተና እጁን እስከ ክርኑ አስገባ።

"በሞቴ መምህር፣ ይቅመሱ።"

ሰፌዱ ላይ እፍኝ የማይሞላ ቆሎ አለ። እምቢ ብል ነውር ነው። አራቱም ይጠብቁኛል። ዕለቱ ሐሙስ ነበር።