ማስጠንቀቂያ ሲናቅ



የክበባችን ማርክ ማስሊያ ፕሮግራም ከእኛ በፊት የነበሩ እጩ መምህራን በሲ ቋንቋ የጻፉት ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ ጂሲሲ 14 የተባለው ኮምፓይለር ሲጫን ግን ኮምፓይል አልሆን አለ። ትናንት ሲሠራ የነበረው ዛሬ ስህተት በስህተት ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ፋንክሽን ከመጠራቱ በፊት ምን ዓይነት ውጤት እንደሚመልስ መነገር አለበት። ካልተነገረ የድሮው ኮምፓይለር «ሙሉ ቁጥር ይሆናል» ብሎ ይገምትና በማስጠንቀቂያ ብቻ ያልፍ ነበር። የሲ ቋንቋ ደንብ ይህን ግምት በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሽረውም፣ ጂሲሲ እስከ 2024 ድረስ ታግሷል። 14ኛው እትም ላይ ትዕግሥቱ አለቀ፤ ማስጠንቀቂያው ስህተት ሆነ።

ከመካከላችን «ፐርሚሲቭ በሚለው ትእዛዝ አፉን አስይዘነው እንገላገል» ያሉ ነበሩ። እውነት ነው፣ ስህተቱ ወደ ማስጠንቀቂያ ዝቅ ይላል። እኛ ግን ሥራውን ተከፋፍለን ስህተቱን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ተከተልን። አብዛኛው የጎደለ ሄደር ፋይል ነበር፤ በአንድ መስመር ተፈታ። አንዱ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ፈተና ያመለጠውን ተማሪ አማካይ የሚያሰላው ፋንክሽን ነጥብ ያለው ቁጥር ሲመልስ፣ ጠሪው ሙሉ ቁጥር ይጠብቅ ነበር። የዚያ ልጅ ማርክ እንግዲህ የዘፈቀደ ነው ማለት ነው!

ነገ ቀይ እስክሪብቶ የምንይዝ እኛ ነን። ስህተትን ዝም ማሰኘትና ማረም ለየቅል ናቸው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለውስ ለዚህ አይደል?