ስለ አውራ ጣትሽ፦ ወደ ቡሬ ለምትሄደው ልጄ

ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ አልልም፤ ገና ከቤት አልወጣሽም። እናትሽ ጓዳ ሆና ስንቅሽን እየቋጠረች ነው፣ እኔ ደግሞ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ። በአፌ ብነግርሽ «አባዬ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነው» ብለሽ ታቋርጪኛለሽ። ወረቀት አይቋረጥም።

ካሜራዋን ትናንት አየኋት። የካኖን ሲክስ ዲዋን አሠራር ቀይረሻል። ሻተሩን ግማሽ ስጫነው ፎከስ አላደርግ አለኝ፤ ፎከሱን ወደ ኋላው ቁልፍ፣ ወደ ኤኤፍ ኦን አዛውረሽዋል። «ባለሙያ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው» አልሽኝ። ባለሙያ ሁሉ እንዲህ አይሠራም። ሆኖም ነገሩ ከንቱ አይደለምና፣ የት እንደሚጠቅምሽና የት ጉድ እንደሚያደርግሽ ልንገርሽ።

መጀመሪያ አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። ካኖን ይህን አሠራር በኢኦኤስ 630 ላይ ያመጣው በ1981 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1989) ነው። ሐሳቡ ግን ከዚያም ይቀድማል። እኔ በጀመርኩባት ዜኒት ግራ እጄ የሌንሱን ቀለበት ያዞራል፣ ቀኝ ጣቴ ያነሳል። ማጥራትና ማንሳት የሁለት እጅ ሥራ ነበር። ሚኖልታ 7000 በ1977 ዓ.ም. ወጥቶ አውቶ ፎከስን ካስለመደ ወዲህ ነው ሁለቱም በአንድ ጣት ላይ የተጫኑት። አንቺ ያደረግሽው መልሶ መለየት ነው። ስለዚህ የሠለጠንሽ መስሎሽ ወደ አባትሽ ዘመን ተመልሰሻል ማለት ነው፤ ደስ ብሎኛል።

አሁን ወደ ሥራው። የነቢያት ጾም ተፈትቶ፣ ገናም አልፎ፣ ጥምቀት ሲደርስ ቡሬ ከፎቶ ቡድንሽ ጋር ትሆኛለሽ። በከተራ ታቦታቱ ሲወርዱ አስቢው። ካህኑ ታቦቱን ተሸክሞ በዝግታ ወደ አንቺ ይመጣል፣ ጥላ የያዘው ዲያቆን ከጎኑ ነው፣ ከፊት ጎረምሳው ዱላውን ወደ ላይ እያነሳ ይጨፍራል፣ ምንጣፍ የሚያነጥፉት ልጆች ወዲያና ወዲህ ይሮጣሉ። ፎከሱ በሻተሩ ላይ ከሆነና ካሜራዋ የሚንቀሳቀሰውን ሳታቋርጥ በምትከተልበት በአይ ሰርቮ ላይ ካለች፣ አንድ ዱላ በመካከል ሲያልፍ ካህኑን ትታ ዱላውን ትከተላለች። ተመልሳ ካህኑን እስክታገኝ ያሰብሽው ምስል አልፏል። በኋላው ቁልፍ ግን ካህኑ ሲመጣ አውራ ጣትሽን ተጭነሽ ትከተይዋለሽ። ዱላው ሲገባ ጣትሽን ታነሻለሽ፣ ፎከሱ ካለበት አይነቃነቅም፣ ሻተሩን ግን አታቆሚም። ዱላው ሲያልፍ እንደገና ትጫኛለሽ። እዚህ ላይ ከዚህ አሠራር የሚሻል አላየሁም።

ፈረስም እንዲሁ ነው። እንጅባራ ለቡሬ ቅርብ ናት፤ የአገው ፈረሰኞች በዓል ጥር 23 ይከበራል። የፈረሰኞቹ ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። የፎቶ ቡድንሽ አለቃ ከፈቀደልሽ ሂጂ። ፈረሱ ሲጋልብ አውራ ጣትሽን አትልቀቂ፤ ፈረሰኛው ቆሞ ሲፎክር አንስተሽ ፍሬምሽን አስተካክይ። የሚንቀሳቀሰውንና የቆመውን በዚያው በአይ ሰርቮ ታነሻለሽ፣ አንዴ አጥርቶ ወደሚቆልፈው ዋን ሾት እየቀየርሽ ጊዜ አታባክኚም። በመካከለኛዋ የፎከስ ነጥብ ሥሪ፤ ሲክስ ዲ ካሏት 11 ነጥቦች ቁምም አግድምም የምታነበው እሷ ብቻ ናት፣ ሌሎቹን በፈረስ ላይ አትመኛቸው። በሰከንድ 4.5 ፎቶ ብቻ የምታነሳ ካሜራ ስለሆነች ደግሞ ዝም ብሎ በማርከፍከፍ አትመኪ።

ጉዱ የሚጀምረው ሰርግ ላይ ነው።

ወደ ማንኩሳ ገጠር ገብተሽ ዳስ ውስጥ ስትሠሪ ሸራው ጨለማ ነው፣ አንድ አምፖል መሃል ላይ ተንጠልጥሏል፣ የወጥና የሰው ትንፋሽ አየሩን አወፍሮታል። ፍላሽሽ በጨለማ ለፎከስ የሚረዳ ቀይ ብርሃን እንዳለው ታውቂያለሽ። ያ ብርሃን በአይ ሰርቮ አይበራም። የኋላውን ቁልፍ የሚያወድሱ ሰዎች «ሁልጊዜ ሰርቮ ላይ ተዪው» ሲሉ ይህን አይነግሩሽም። ሌንሱ በጨለማው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሙሽራው ቀለበቱን አጥልቆ ጨርሷል። ዳስ ስትገቢ እንግዲህ ወደ ዋን ሾት ቀይሪ።

ለእስክስታው ደግሞ ሌላ መላ አለ፤ የፊልም ዘመን መላ ነው። የ35 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ ግጠሚ፣ ቀዳዳውን ወደ 8 አጥብቢ፣ ሦስት ሜትር ላይ ያለ ሰው ላይ አንድ ጊዜ ፎከስ አድርጊና አውራ ጣትሽን አንሺ። ከሁለት ሜትር እስከ ሰባት ሜትር ገደማ ያለው ሁሉ ጥርት ይልልሻል። ከዚያ በኋላ ትከሻው ቢንቀጠቀጥ፣ ሰው በፊትሽ ቢያልፍ፣ ሻተሩን በተጫንሽ ቁጥር ካሜራዋ አዲስ ፎከስ ፍለጋ አትሄድም። ርቀትሽን ብቻ ጠብቂ። የኋላውን ቁልፍ ለዚህ ስትይ ብቻ ብትማሪው እንኳ አይቆጭሽም። ፍላሹ ግን ሰባት ሜትር ድረስ እኩል አያበራም፤ የኋላው ሰው ይጨልማል፣ እሱን አትጠብቂ።

ሙሽሪትን ለብቻዋ ስታነሺ ሌላ ነገር ነው። በ50 ሚሊ ሜትሩ፣ ቀዳዳውን 1.8 ድረስ ከፍተሽ፣ ከአንድ ሜትር ላይ ብትቆሚ ጥርት የሚለው ስፋት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዓይኗ ላይ ቆልፈሽ፣ አውራ ጣትሽን አንስተሽ፣ ካሜራዋን ለፍሬሙ ብለሽ ወደ ጎን ብታዞሪያት ዓይኗ ደብዝዞ ጆሮዋ ጥርት ይላል። ጥቂት ወደፊት ዘንበል ብትዪም ያው ነው። በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ላይ ደግሞ አይታይም፤ የሚታየው አልበሙ ከታተመ በኋላ ነው። እንዲህ ላለው ፎቶ ቆልፎ ማዞር ይቅርብሽ። ወይ የፎከስ ነጥቧን ወደ ዓይኗ ውሰጃት፣ ወይ ቀዳዳውን ወደ 4 አጥብቢ። ዓይንን ራሳቸው ፈልገው የሚይዙት አዲሶቹ ሚረርለስ ካሜራዎች ይህን ጭንቀት አቅልለውታል። አንቺ የያዝሽው ግን እሱን አይደለም።

ከሁሉ በላይ የምፈራልሽ መርሳትን ነው። ሻተሩ ፎከስ የሚያደርግ ሲሆን፣ በዋን ሾት ላይ ካሜራዋ ካልጠራላት አታነሳም፤ እምቢ ትልሻለች። ፎከሱን ካዛወርሽው በኋላ አውራ ጣትሽን ብትረሺ አትነግርሽም፣ ደስ እያላት ብዥ ያለ ፎቶ ታነሳለች። አንቺ ትለምጂው ይሆናል። ነገር ግን የምትገቢበት ቡድን የሰርግ ቡድን ነው፣ ካሜራ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አለቃሽ «እስቲ አምጪ» ብሎ ነጥቆሽ ተክሊሉን ሊያነሳ ይችላል። የሙሽሪት አጎት «አንቺም ከኛ ጋር ቁሚ» ብሎ ካሜራዋን ለአንዱ ሚዜ ያሰጥሻል። ሚዜው ሻተሩን ይጫናል እንጂ የኋላ ቁልፍ የሚባል ሰምቶ አያውቅም። ተክሊል አይደገምም የኔ እናት፤ ወቀሳውም ያነሳው ሰው ላይ ሳይሆን ካሜራዋን እንዲህ ያደረጋት ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ያንቺን አሠራር በካሜራዋ ማዞሪያ ሲ 1 ላይ መዝግቢው፦ ሻተሩ ብርሃን መለኪያ ብቻ፣ ፎከሱ በኤኤፍ ኦን። ሌላውን ሁሉ ሻተሩ ፎከስ ወደሚያደርግበት መልሺው። ካሜራዋን ለሰው ስትሰጪ የማዞሪያዋን መሃል መቆለፊያ ተጭነሽ ወደ ፒ አዙሪና ስጪ። አለቃሽ ራሱ የኋላውን ቁልፍ የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ የሱን ልማድ ያዢ፤ በሰው ቡድን ውስጥ ሁለት ዓይነት ካሜራ አይመከርም። ይህን በመጀመሪያው ቀን ጠይቂው፣ ከሰርጉ በፊት።

ቡድኑ ርካሹን የካኖን ካሜራ በትርፍነት ከሰጠሽ፣ ኤኤፍ ኦን የሚል ቁልፍ የለውም፤ የኮከብ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ነው የምትጠቀሚው። በሜኑው ካሉት የቁልፍ ምርጫዎች ውስጥ ቁጥር 1ን አትምረጪ፤ እሱ ፎከሱን ወደ ኮከቧ ያዛውርና ሻተሩን ግማሽ ስትጫኚ ብርሃኑን ይቆልፍብሻል፣ ሰው ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲወጣ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ቁጥር 3ን ምረጪ።

እጅሽ እንደ እናትሽ ትንሽ ነው። ካሜራዋን በቁም ይዘሽ ስታነሺ አውራ ጣትሽ ቁልፉ ላይ ለመድረስ ይዘረጋል፣ ቀኑን ሙሉ ሲሆን አንጓው ያምሻል። ካመመሽ ወደ ሻተሩ መልሺው፤ ማንም አይስቅብሽም፣ ቢስቅም ፎቶውን አሳዪው።

እስክትሄጂ ድረስ ያለሽን ጊዜ በደጅ ተለማመጂበት። ጎረቤታችን በሬ ጠምዶ ሲያርስ አስፈቅደሽው ቁሚና ወደ አንቺ ሲመጣ ተከተዪው፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ በርበሬ የጫነ አህያ በሰው መካከል ሲያልፍ አንሺው። ጥር ከገባ በኋላ ግን ሰርግ በዋለበት ቀን አንዲት ቁልፍ እንዳትቀይሪ።

ትርፉን ባትሪ ከዳቦ ቆሎው ጋር አስሬዋለሁ፣ ቻርጀሩ በቦርሳሽ የጎን ኪስ ነው። ቡሬ ስትደርሺ ደውዪ፤ አለቃሽ ስለ ኋላው ቁልፍ ያለሽንም ንገሪኝ።

አባትሽ