የመስኮት ወንፊት ለጓሳ ወይስ ለሸዋ ሮቢት?

እዚህ ቨርጂኒያ ለአየር የሚከፈት መስኮት ወንፊት ከሌለው ቤቱ እንደጎደለ ይቆጠራል። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚመሩበት የቤት ጥገና ደንብ፣ ነፍሳት በሚበዙባቸው ወራት እንዲህ ያለው መስኮት ሁሉ በአንድ ኢንች ከ16 ያላነሰ ቀዳዳ ያለው ወንፊት እንዲኖረው ያዝዛል። ወንፊቱ ሲቀደድ ተከራይ አከራዩን ይጠይቃል፤ አከራዩም ያስቀይራል። ከመንዝ የመጣን ሰዎች ይህን ለመልመድ ጊዜ አልፈጀብንም። ስለለመድነውም አገር ቤት ለወላጆቻችን ቤት ስናሠራ «መስኮቱ ወንፊት ይኑረው» የሚለውን ትእዛዝ ከገንዘቡ ጋር አብረን እንልካለን።

ሰሞኑን መንዝ ውስጥ ጓሳ አጠገብ ለእናታችን ቤት ማሠራት ስንጀምር ይኸው ጉዳይ እኛም ዘንድ ተነሣ። ታላቅ ወንድሜ ስልክ ላይ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «እህት ዓለም፣ ጓሳ ላይ ምን ትንኝ አለና?» አለኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ዝንቡስ?»

«ዝንቡ የሚገባው በበር ነው፤ በሩን ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንዘጋውም። ለወንፊት የሚሆን ገንዘብ ካለሽ ሸዋ ሮቢት ላሉት ልጆቼ ላኪላቸው።»

ወንድሜ ልክ ነው። ለምን ልክ እንደሆነ በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁት፣ ሌሎችም የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ልጆች ይህንኑ ወጪ እያሰቡ መሆኑን ስለማውቅ ነው።

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ግድም የሚደርስ ደጋ ነው። ኅዳር ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይመታዋል። የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ አድጎ ሰውን ለመያዝ እስኪበቃ ሙቀት ይፈልጋል፤ ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ ዓይነት ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ዕድገቱ ይቆማል። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ምድር ወባማ ተብሎ ሲመደብ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 የሚገመት ሕዝብ የፈጀው ታላቁ ወረርሽኝ ብዙ ደጋማ ቦታዎችን አዳርሶ ነበር፤ እሱም ቢሆን የወጣው እስከ 2,150 ሜትር ገደማ ነው። ጓሳ ከዚያም ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ይላል።

ታዲያ የጓሳን ሰው እንቅልፍ የሚነሣው ምንድን ነው? ቁንጫ፣ ትኋንና ቅማል ነዋ። እነዚህ በመስኮት አይገቡም። ቁንጫ ከበጉና ከውሻው ጋር፣ ቅማል ከሰው ልብስ፣ ትኋን ከአልጋና ከዕቃ ጋር ነው የሚመጡት። በዓለም የተሸመነ ምርጥ ወንፊት ቢገጠም አንዷን ቁንጫ አያስቀርም። ከብቱን ከሰው መኝታ መለየት፣ መደቡንና ወለሉን መለሰን፣ ባናውንና ደበሎውን ፀሐይ ማስመታት ግን ያስቀራል። ለእናቴ ቤት ወጪ ካለኝ መጀመሪያ የሚሄደው ለበጎቹ ጋጣ ነው።

ዝንብ የተለየ ነው። ቀን ፀሐይ ሲወጣ ጓሳ ላይም ዝንብ አለ፤ በአማራ ክልል ትራኮማ ምን ያህል ዓይን እንዳጠፋ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ነገሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም ከሕፃን ዓይን ላይ የምታርፈው ዝንብ በብዛት የምትራባው ሜዳ ላይ በተተወ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ልጆችንም የምታገኛቸው ደጅ ሲጫወቱ ነው። ክዳን ያለው መጸዳጃ ቤትና የፊት መታጠቢያ ውኃ ከመስኮት ወንፊት የሚቀድሙት ለዚህ ነው።

ከዚህም ሌላ የመንዝ መስኮት የራሱ ሥራ አለው። የድሮው ቤት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አለው፤ ጣራው ጓሳ ሣር ነው። አባቶቻችን ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ሜዳውን እየዘጉና እየከፈቱ ለመቶዎች ዓመታት ያቆዩት ሣር ለጣራ ብቻ ሳይሆን ለጢሱም መውጫ ነበር፤ ከምድጃው የተነሣው ጢስ በክዳኑ መሐል ሾልኮ ይወጣል። መስኮቷ ስለዚህ ትንሽ ነበረች፤ ብርድና ነፋስ እንዳይገባ ነው። ጣራው ወደ ቆርቆሮ ሲለወጥና ኮርኒስ ሲመታበት ግን ጢሱ መውጫ አጣ። ዛሬ በኩበት እንጀራ በሚጋገርበት ቤት የማድቤቱ መስኮት የጢስ መንገድ ነው። እዚያ ላይ ደቃቅ ወንፊት መግጠም ማለት ጥላሸት በጥቂት ሳምንታት ቀዳዳውን ደፍኖ ጢሱን መልሶ እናቶች ሳንባ ውስጥ መስደድ ነው። የማድቤት ጢስ መውጫ ወንፊት አይገጠምለትም፤ በዚህ ላይ ፈጽሞ አልደራደርም። ምግብ ከዝንብ የሚጠበቀው በክዳንና በሞሰብ ነው።

ሳሎኑም ቢሆን የሚሞቀው በመስታወት በሚገባው ፀሐይ ነው። ጠቆር ያለ ወንፊት ከውጭ ሲገጠም ብርሃኑንም ሙቀቱንም ይቀንሳል። እዚህ ቨርጂኒያ እንኳ ብዙ ሰው ክረምት ሲገባ ወንፊቱን ነቅሎ ጓዳ የሚያስቀምጠው ፀሐይ እንዲገባለት ነው። ጓሳ ላይ ብርዱ ዓመቱን ሙሉ ነው።

አሁን ወደ ታች እንውረድ። ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ ሰው ብዙም ሳይቆይ ካፖርቱን አውልቆ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል፤ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። የመንዝ ቤተሰብ ሮቢት ወይም ከዚያ በታች ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። አንዱ ማሾና ማሽላ ያርሳል፣ ሌላው ሽንኩርት ይነግዳል፣ ወጣቱ ለአጨዳ ይወርዳል። ደገኛ ሰው ደግሞ ወባን ስላልለመዳት ክፉኛ ትጥለዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና ከ1,100 በላይ ሞት እንደተመዘገበ አስታውቆ ነበር። የመስኮት ወንፊት ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ነው።

ወንፊት ወባን እንደሚከላከል የታወቀው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 ተመራማሪዎች ከሮም አጠገብ ኦስቲያ በሚባለው ወባማ ረግረግ ውስጥ መስኮትና በሩ በሽቦ ወንፊት በተሸፈነ የእንጨት ቤት የወባውን ወራት ከረሙ። ቀን ወጥተው ይሠራሉ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገብተው ይዘጋሉ። ጎረቤቶቻቸው በወባ ሲታመሙ እነሱ ጤነኛ ሆነው ወጡ። በእኛም አገር አርባ ምንጭ አካባቢ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ በርና መስኮታቸው ወንፊት በተገጠመላቸው ቤቶች ውስጥ ዋናዋ የወባ ትንኝ ቁጥር በ40 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። አርባ በመቶ መቶ በመቶ አይደለም፤ ስለዚህ አጎበሩ አልጋው ላይ ይቆያል።

የቀረችው ትንኝ የምትገባበትን መፈለግ የሚገባው ደግሞ ከመስኮቱ በላይ ነው። የቆርቆሮ ጣራ በግድግዳው ጫፍ ላይ ሲያርፍ በየሞገዱ ሥር ክፍተት ይቀራል። ትንኝ ግድግዳውን ተከትላ ወደ ላይ ወጥታ በዚያ ትገባለች። ኮርኒስ የሌለውን ቤት መስኮት ብቻ በወንፊት መሸፈን ገንዘብ ማባከን ነው፤ መጀመሪያ ክፍተቱ በጭቃ ይመረግ ወይም እሱም በወንፊት ይሸፈን።

የመስኮቱ ዓይነት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከውጭ የተላከ ወንፊት ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ቤት መስኮት አብዛኛው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ነው። መስታወቱ በራሱ ሐዲድ ስለሚሄድ ወንፊቱ ከውጭ በኩል በቀጭን የአሉሚኒየም ክፈፍ ቆሞ ማንንም አያስቸግርም። ሮቢት ላይ ግን የተለመደው ከቱቦላሬ ወይም ከላሜራ ተበይዶ የተሠራ፣ ሁለት ክንፍ ያለው፣ ወደ ውጭ የሚከፈት የብረት መስኮት ነው፤ ከውስጥ በኩል ለሌባ የተበየደ ፍርግርግ አለው። የአሜሪካውን ዓይነት ወንፊት ከውጭ ብትገጥሙለት ክንፉ ሊከፈት አይችልም። ከውስጥ ፍርግርጉ ላይ አጥብቃችሁ ብታስሩት ደግሞ እጅ መቀርቀሪያው ጋ አይደርስም፤ መስኮቱ ወይ ሁልጊዜ ክፍት ወይ ሁልጊዜ ዝግ ሆኖ ይቀራል። ዝናብ ሲመጣ የቤቱ ባለቤት ወንፊቱን በቢላ ቀዶ እጁን ያስገባል፤ አይፈረድበትም።

ለዚህ መስኮት የሚሆነው ከውስጥ በኩል በማጠፊያ የሚከፈት የራሱ ክፈፍ ያለው ወንፊት ነው። የሠፈሩ ብየዳ ቤት በቀጭን ቱቦላሬ ይሠራዋል። ፍርግርጉን ያስበየደ ሰው መቀርቀሪያው ፊት ለፊት እጅ የሚያሾልክ በቂ ቦታ መኖሩን ያረጋግጥ። ገንዘቡ ካነሰ በጨርቅ ጠርዝ የተሰፋና ክፈፉ ላይ በሚጣበቅ ቬልክሮ የሚያዝ ወንፊት ይበቃል፤ እየነቀሉ ማጠብም ይቻላል፤ ሙጫው ግን ዝገትና አቧራ ያለበት ብረት ላይ ስለማይዝ ብረቱ መጀመሪያ መጽዳት አለበት። መስኮቱ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ነገሩ ሁሉ ይቀላል፤ ወንፊቱ ከውጭ በቋሚነት ይመታል። የጣውላ መስኮትም እንዲሁ ነው፤ በእንጨቱ መቃን ላይ ወንፊቱን ወጥሮ በቀጭን እንጨት ደርቦ መቸንከር ነው፤ ሚስማሩ ብቻውን ሽቦውን ይቀደዋል። በአዲሶቹ ፎቆች ያለው ተንሸራታች አሉሚኒየም ብዙ ጊዜ ለወንፊት የሚሆን ሐዲድ ከነአሠራሩ አለው፤ ሠራተኛውን ገና ሲያዙት መጠየቅ ነው።

ስለ ወንፊቱ ራሱ ብዙ የሚባል የለም። ለትንኝ በኢንች 16 ወይም 18 ቀዳዳ ይበቃል። ከዚያ የደቀቀ ወንፊት አሸዋ ዝንብ ላለበት ለሑመራ ዓይነቱ ቆላ ይጠቅም ይሆናል፤ ሮቢት ላይ ግን ነፋሱን ያስቀራል፤ ሙቀት የጨነቀው ሰው ደግሞ በሩን ከፍቶ ያድራል። ፋይበር ግላስ ርካሽ ነው፤ በሻንጣ ተጠቅልሎ ይገባል፤ አይዝግም፤ አይጥና ፍየል ግን ይቀዱታል። አሉሚኒየም ጠንከር ይላል፤ አንዴ ከታጠፈ ግን አይቃናም። ልጅ በሚደርስበት ዝቅተኛ መስኮትና በበሩ ታችኛ ክፍል ላይ አይዝጌ ብረት ብታደርጉ ዋጋውን ያወጣል። ገበያ ላይ ያለው ተራ ሽቦ በጥቂት ክረምት ይዝጋል።

አንድ ነገር በብርቱ አሳስባለሁ። ወንፊት ትንኝን ይመልሳል እንጂ ልጅን አይዝም። እዚህ አሜሪካ ሕፃናት ወንፊት ላይ ተደግፈው ከፎቅ ይወድቃሉ። ፎቅ ላይ ወንፊት ስለተገጠመ ፍርግርጉን አታስነሡ።

አዲስ አጎበር ቆርጦ መስኮት ላይ መስፋትም ይታያል። አልጋ ላይ ሰው የሚያድነውን አጎበር ለዚህ ማዋል ትልቅ ጥፋት ነው። ያረጀውና በምትኩ አዲስ የመጣለት ብቻ የጣራውን ክፍተት ቢሸፍን አይከፋም።

እንግዲህ የእኛ ቤተሰብ ውሳኔ ይህ ነው፤ የእናቴ ቤት ሰፋ ያለ መስታወትና የጢስ መውጫ ይኖረዋል፣ ወንፊት አይኖረውም። የወንፊቱ ገንዘብ ሮቢት ወርዶ የወንድሜን ልጆች መኝታ ክፍል በርና መስኮት ይሸፍናል። እናንተም ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር በስልክ ጠይቁ፤ ቤቱ ያለበትን ከፍታ፣ ጣራና ግድግዳው የሚገናኙበት ክፍተት ተደፍኖ እንደሆነ፣ መስኮቱም ወደ ውስጥ ይከፈት ወይም ወደ ውጭ። መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ልኩን አስለክታችሁ ጥቅልሉን ላኩ፤ ክፈፉን የሮቢት ብየዳ ቤት ይሥራው።