«ፎርማት አድርገው» ከመባሉ በፊት

ላፕቶፑ ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ላይ «ግረብ ሬስኪው» ብሎ ቀጥ ካለ፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምክር አንድ ነው፦ «ፎርማት አድርገው!» ይሄ ቁልፍ ጠፋ ብሎ ቤት ማፍረስ ነው። ፋይላችሁ እኮ ብዙ ጊዜ አልተነካም። ግረብ (ኮምፒውተሩ ሲከፈት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የቀሩት ፋይሎቹ ያሉበትን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፋይ) አጥቶት ነው፤ ወይ ተሰርዟል፣ ወይ ቁጥሩ ተቀይሯል። ዊንዶውስና ኡቡንቱን አንድ ዲስክ ላይ የጫነ ሰው ቦታ ለማስፋት ፓርቲሽን ሲነካካ የሚመጣ ጣጣ ነው።

እዚያው ላይ «ኤልኤስ» የሚለውን ትእዛዝ ጻፉ (በላቲን ፊደል ነው እንግዲህ)፤ ፓርቲሽኖቹን ይዘረዝርላችኋል። ልብ በሉ፣ ዲስክ የሚቆጠረው ከ0 ነው፣ ፓርቲሽን ግን ከ1። በድሮው ግረብ ሁለቱም ከ0 ስለነበሩ የቆየ መመሪያ ያሳስታል። የግረብ ፎልደር ያለበትን እስክታገኙ አንድ በአንድ እዩ፤ ከዚያ አድራሻውን ንገሩትና «ኖርማል» የሚባለውን ሞጁል ጫኑና «ኖርማል» ብላችሁ አስጀምሩት። ሜኑው ይመጣል። ኡቡንቱ ከተነሳ በኋላ ግረብን ዲስኩ ላይ እንደገና መጫን ግድ ነው፤ አለዚያ በሚቀጥለው ሲከፈት ያው ጥቁር ስክሪን ነው።

ይሄም ካልሠራ በላይቭ ፍላሽ (ኡቡንቱን ዲስክ ላይ ሳይጫን በሚያስነሳ ፍላሽ) አስነሱና መጀመሪያ ፋይላችሁን ገልብጡ። ፍላሹን ደግሞ ኮምፒውተሩ ደህና እያለ፣ ዛሬውኑ አዘጋጁ።